እሳት መሞቅና ፍም መዋጥ፦ የጨረርን ትምህርት በተመለከተ አንድ አስተያየት

የኬሚስትሪ ተማሪ ሆኖ ያቺን ሥዕል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በግራ በኩል አንድ የራዲዮአክቲቭ ምንጭ አለ፤ ከእሱ ሦስት ቀስቶች ይወጣሉ። አልፋ የተባለውን አንዲት ወረቀት ታስቀረዋለች። ቤታ ወረቀቷን አልፎ ስስ አሉሚኒየም ላይ ይቆማል። ጋማ ደግሞ ሁለቱንም አልፎ ወፍራም እርሳስ ጋ ይደርሳል፤ እዚያም ይዳከማል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም። ይህችን ሥዕል ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደብተራችን ላይ ስለናታል፣ ለፈተና ሸምድደናታል፣ ኮሌጅ ገብተንም በሃንድአውት ላይ አግኝተናታል።

ሥዕሏ ውሸት የለባትም። ችግሩ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም «ጨረሩን ምን ያስቆመዋል?» የሚለው ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ እንመልስባታለን፤ «የትኛው ነው አደገኛው?» እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ተማሪ ጠይቁት። ብዙዎቹ «ጋማ ነዋ! አልፋማ ወረቀት እንኳ አያልፍም እኮ» ብለው ይመልሳሉ። ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ብትጠይቁ ደግሞ «እሱ የፊዚክሶች ጉዳይ ነው» የሚል መልስ ይከተላል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና እኔም ሐሳቤን ልናገር። በእኔ አስተያየት ይህ ምዕራፍ የፊዚክስ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የእኛ ነው። ጨረሩ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ፊዚክስ ይነግረናል። ምንጩ ወደ ሰው አካል ከገባ በኋላ የት ሄዶ እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና በምን እንደሚወጣ የሚነግረን ግን ኬሚስትሪ ነው። ሰው የሞተውም ሆነ የዳነው ብዙውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ነው።

ስሞቹ ከየት መጡ?

በ1899 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኧርነስት ራዘርፎርድ ዩራኒየምን በስስ የአሉሚኒየም ወረቀቶች እየሸፈነ የሚወጣውን ጨረር ሲለካ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አስተዋለ። ቶሎ የሚቆመውን አልፋ፣ ርቆ የሚሄደውን ቤታ አለው። በ1900 ፈረንሳዊው ፖል ቪላር ከራዲየም የሚወጣ፣ ከሁለቱም ይበልጥ ሰርስሮ የሚያልፍ ሦስተኛ ጨረር አገኘ፤ ለዚህም ራዘርፎርድ በ1903 ጋማ የሚል ስም ሰጠው። አልፋ የሂሊየም ኒውክለስ መሆኑ ገና በእርግጠኝነት አልታወቀም ነበር። እንግዲህ ስሞቹ የወጡት ሰዎቹ ምን እንደያዙ ሳያውቁ፣ በመተላለፍ አቅም ብቻ ተራ አስይዘው ነው። ያ ቅደም ተከተል ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም በእኛ ጭንቅላት ውስጥ የአደገኛነት ደረጃ ሆኖ ተቀምጧል።

ለመሆኑ አልፋ ቶሎ የሚቆመው ደካማ ስለሆነ ነው? አይደለም። ከፖሎኒየም-210 የሚወጣ አንድ አልፋ 5.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል አለው። ሲዚየም-137 ባለበት የምንለካው ጋማ ግን 0.66 ሚሊዮን ብቻ ነው። አልፋ ከባድ ስለሆነና ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው በመንገዱ ያለውን አቶም ሁሉ እየነካ፣ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይሄዳል። በአየር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ በሥጋ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ያነሰ መንገድ ሄዶ ያለውን ሁሉ ያራግፋል። ከውጭ ሲመጣ ይህ ጥሩ ነው፤ የሚያራግፈው በሞተው የቆዳችን ሽፋን ላይ ነውና። ውስጥ ከገባ ግን የሚያራግፈው ሕይወት ባለው ሴል ላይ ነው። የጨረር መከላከያ ደንቦች የአልፋን ጉዳት ሲያሰሉ በ20 የሚያባዙት፣ ቤታንና ጋማን ግን በ1 ብቻ የሚያባዙት ለዚህ ነው።

ሙቀትና ፍም

እኔ ለራሴ እንዲገባኝ የማስበው እንዲህ ነው። እሳት የሞቀ ሰው ሲርቅ ሙቀቱ ይቀርለታል፤ እሱ ራሱ እሳት አይሆንም። ፍም የዋጠ ሰው ግን የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። በጨረር ቋንቋ የመጀመሪያው ተጋላጭነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብክለት ነው። ጋማ ከሩቅም የሚያቃጥል እሳት ነው። አልፋ ካልዋጡት በቀር የማይነካ ፍም ነው። ቤታ መሐል ላይ ነው፤ ቆዳ ላይ ከተቀመጠ ቆዳን ያቆስላል፣ ከተዋጠም የገባበትን ይጎዳል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩት ወጣት ሴቶች ናቸው። ቀለሙ በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም ነበረበት። የብሩሹን ጫፍ ለማሾል በከንፈራቸው ያጠቡት ነበር፤ እንዲያ እንዲያደርጉም ተምረዋል። ራዲየም-226 በዋነኛነት አልፋ የሚሰጥ ነው። በወረቀቷ ሥዕል ከሄድን ምንም ሊሆኑ አይገባም ነበር። ነገር ግን ፔሪዮዲክ ቴብሉን ተመልከቱ፤ ራዲየም ከካልሲየም ጋር በአንድ ዓምድ ላይ ነው። አጥንት ደግሞ ካልሲየምን ይፈልጋል። ራዲየሙ እንደ ካልሲየም ተቆጥሮ አጥንታቸው ውስጥ ገባ፤ ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነውና ዕድሜ ልካቸውን እዚያው አልፋ ሲረጭ ኖረ። መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ አጥንታቸው እየተሰበረ ብዙዎች ሞቱ። አምስቱ ያቀረቡት ክስ በ1928 በስምምነት ተቋጨ። እነዚያን ሴቶች የገደለው የራዲየም ጨረር ብቻ አይደለም፤ የራዲየም ዓምድም ጭምር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ2006 ለንደን ውስጥ የተገደለው የቀድሞው የሩሲያ የስለላ ባልደረባ አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በሻይ የጠጣው ፖሎኒየም-210 አልፋ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ጋማ የሚፈልገው የተለመደው ፍተሻ መጀመሪያ ላይ ምንም አላሳየም። ወረቀት የማያልፈው ጨረር ከሆዱ ወጥቶ ወደ መሣሪያው እንዴት ይድረስ? ምንነቱ የታወቀው ሊሞት ሲል ነው። አያችሁ፣ «አያልፍም» ማለት «አይጎዳም» ማለት ብቻ ሳይሆን ሲጎዳም እንኳ «አይታይም» ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳ ሌላ ግራ መጋባት አለ፤ ሃፍ ላይፍ ወይም ግማሽ ዕድሜ የምንለው ነገር። ረጅም ግማሽ ዕድሜ ያለው ሁሉ የበለጠ አደገኛ ይመስለናል። ነገር ግን እኩል ብዛት ያላቸው አቶሞች ከተወሰዱ፣ ግማሽ ዕድሜው ያጠረው በየሰከንዱ የሚሰጠው ጨረር ይበዛል። አዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ብቻ ነው። ሆኖም ሚያዝያ 1986 ቼርኖቤል ሲፈነዳ ሕፃናቱን የጎዳው በዋነኛነት እሱ ነው። አዮዲኑ ሣር ላይ ወረደ፣ ላሞች ሣሩን በሉ፣ ልጆች ወተቱን ጠጡ፣ አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢም አዮዲኑን ሰበሰበችው። በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በተበከሉት የሩሲያ አካባቢዎች በአደጋው ጊዜ ልጆች በነበሩት ላይ እስከ 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ታይቷል፤ ከዚህም ከፍተኛው ድርሻ ከዚሁ አዮዲን ጋር ይያያዛል። ፖላንድ ግን ለ10 ሚሊዮን ያህል ልጆች ንጹሕ የፖታሺየም አዮዳይድ አደለች። ዕጢዋ አስቀድማ በንጹሑ ከጠገበች ለራዲዮአክቲቩ ቦታ አይኖራትም። ኬሚስትሪ ማለት ይኸው ነው! ደግሞ እኛ እንቅርት በብዛት የሚታይበት አገር ሰዎች ነን። አዮዲን የተራበች ዕጢ ያገኘችውን አዮዲን ሁሉ እንደምትሰበስብ ከማንም በላይ ለእኛ ሊገባን ይገባል።

የጎያኒያው ዱቄት

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ በ1987 የደረሰው ነው። መስከረም 13 ቀን (የእነሱ ሴፕቴምበር ነው) ሁለት ሰዎች ባለቤቶቹ ትተውት ከሄዱት የጨረር ሕክምና ክሊኒክ አንድ ከባድ ብረት አውጥተው ወሰዱ። ሐሳባቸው ብረቱን መሸጥ ነበር። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ሸጡት። ውስጡ 93 ግራም ገደማ የሲዚየም ክሎራይድ ዱቄት ነበር። ማታ ላይ ዱቄቱ ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ ነጋዴው ተደነቀ፤ ዘመድ ወዳጅ እየመጣ አየ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል እየተቆነጠረ ተሰጠ። ቆዳቸውን እንደ ጌጥ የቀቡበትም ነበሩ። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በዱቄቱ ተጫውታ እጇን ሳትታጠብ ምግብ በላች።

ቤተሰቡ ሁሉ ማስመለስና መታመም ሲጀምር ነገሩን ያገናኘችው የነጋዴው ሚስት ነች። ከዚያ ዱቄት በኋላ መሆኑን ጠረጠረች፤ የተረፈውን በከረጢት ከትታ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ለጤና ባለሥልጣናት አስረከበች። እሷ ባታደርገው ስንት ሰው እንደሚጎዳ መገመት ይከብዳል። እሷን፣ ሕፃኗንና ሁለት ሠራተኞችን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ። ከ112,000 በላይ ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ፤ 249ኙ ተበክለው ተገኙ።

እዚህ ላይ ሥዕላችን ምን ትላለች? ሲዚየም-137 በብዙ ሠንጠረዥ ላይ «ጋማ ሰጪ» ተብሎ ይጻፋል። በእርግጥ ሲዚየሙ የሚሰጠው ቤታ ነው፤ ጋማው የሚወጣው ከሚወልደው ባሪየም-137ኤም ነው። ስለዚህ ጎያኒያ ላይ አንዱ ዱቄት ሁሉንም ሆነ፤ ከሩቅ በጋማ የሚሞቅ እሳት፣ ቆዳ ላይ በቤታ የሚያቃጥል፣ የዋጡት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ፍም። በዚያ ላይ ክሎራይዱ ጨው ነው፤ በውኃ ይሟሟል፣ ከላብ ጋር ይጣበቃል፣ በአፈር ይሰርጋል። ሲዚየም ደግሞ የፖታሺየም ዘመድ ነውና በመላ ሰውነት ጡንቻ ይሰራጫል። ያው 93 ግራም በውኃ በማይሟሟ ሴራሚክ መልክ ቢሠራ ኖሮ ጋማው አይቀርም ነበር፤ እንዲያ መበተኑ ግን ባልደረሰ።

መድኃኒቱስ? ፕሩሺያን ብሉ ነው! በላብራቶሪ ብረት ሦስትን ለመለየት ፖታሺየም ፌሮሳያናይድ ጠብ ስናደርግ የምናየው ያ ደማቅ ሰማያዊ ዝቃጭ። አንጀት ውስጥ ሲዚየምን ይዞ ከሰገራ ጋር ያወጣዋል። ጎያኒያ ላይ 46 ሰዎች ተሰጥቷቸዋል። እኛ ለውጤት ብለን ቀለሙን መዝግበን የምንደፋው ነገር የሰው ሕይወት ለማዳን ያገለገለ መሆኑን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ይህን ስጽፍ የራሳችን ቆራሌው በዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ብረት ይሰበስባል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ብረቱ ይቀጠቀጣል፣ ይቆረጣል፣ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሰው ለማስፈራራትም አይደለም የማነሳው። ግን የተዘጋ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ምልክት ያለበት ብረት ቢያጋጥመው ምን ያድርግ? ሦስት ክንፍ ያላትን የጨረር ምልክት ብዙ ሰው አያውቃትም፤ የአውሮፕላን ወይም የፋን ሥዕል የምትመስለው አለ። ይህ የእኛ ብቻ ችግር ስላልሆነ ነው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2007 የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት አዲስ ቀይ ምልክት ያወጣው። እሱንም የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ከዚህ ኮሌጅ ወጥቶ በየወረዳው የሚያስተምረው ማን ነው? እኛው ነን።

ፍርሃቱም ቦታ ይኑረው

ውድ አንባቢያን፣ ጉዳዩን ካለማወቅ የሚመጣው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ያለ ቦታው የሚፈራም አለ። በአማርኛችን «ጨረር» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ለካንሰር የሚሰጠውም ጨረር ነው፣ ራጁም ጨረር ነው፣ የሞባይሉም ጨረር ነው፣ የቼርኖቤሉም ጨረር ነው። በዚህ የተነሳ የጨረር ሕክምና ወስዶ የመጣ ሰው ልጁን እንዳያቅፍ የሚከለክል፣ ብርጭቆውን የሚለይ ቤተሰብ አጋጥሞኛል። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት-60 ያክም ነበር። በዚህ ሕክምና ምንጩ ከማሽኑ አይወጣም፤ ታማሚው ጋማውን ይሞቃል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። እሳት የሞቀ ሰው እሳት አይሆንም ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ልጁን ማቀፍ ይችላል፤ ብርጭቆውንም መለየት አያስፈልግም። ለታይሮይድ ሕክምና አዮዲን-131 የዋጠ ሰው ግን ለጥቂት ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቅ ይመከራል፤ እሱ ፍሙን ለጊዜው ይዞት ይሄዳልና። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም። በሽታው ሳያንሰው መገለል የሚጨመርበት ታማሚ ይህን ልዩነት የሚያስረዳለት ሰው አጥቶ ነው።

ገንዲን የምታስተላልፈውን የፀፀ ዝንብ ለመቀነስ በቃሊቲው ማዕከል የሚደረገውም ይኸው ነው። ወንዶቹ ዝንቦች በጋማ ይመክናሉ፣ ከዚያ ይለቀቃሉ። መከኑ እንጂ ራዲዮአክቲቭ አልሆኑም። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ ከፀፀ የጸዳችው በዚህ ዘዴ ታግዛ ነው።

ደግሞስ እኛ ራሳችን ከጨረር ነፃ ነን እንዴ? ከምንበላው ድንችና ሙዝ፣ ጥራጥሬና ጎመን የምናገኘው ፖታሺየም ውስጥ 0.012 በመቶ ገደማ ፖታሺየም-40 ነው። በአንድ ጎልማሳ አካል ውስጥ በየሰከንዱ 4,000 ገደማ የፖታሺየም-40 አቶሞች ይፈርሳሉ፤ አብዛኞቹ ቤታ፣ ጥቂቶቹ ጋማ እየሰጡ። ሰውነታችን ፖታሺየሙን መጥኖ ስለሚይዝ መጠኑ አይከማችም። የዚህ አይሶቶፕ ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሰውም የተወሰነው አርጎን ይሆናል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የተጠራቀመውን ይህንኑ አርጎን በመለካት ነው። እንግዲህ በእኛ ጡንቻ ውስጥ ያለው አይሶቶፕና የድንቅነሽን ዕድሜ የነገረን አይሶቶፕ አንድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንዳንድ መምህራን «ኮርሱ እንኳን ይህ ተጨምሮበት እንዲያውም አያልቅም» ሊሉ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። «ሥዕሏ ለመሸፈኛ ምርጫ ትጠቅማለች» የሚልም ይኖራል፤ እሱም ትክክል ነው፤ ምንጩ ከውጭ እስከሆነ ድረስ ከእሷ የተሻለ ማስታወሻ የለም። እኔ ሥዕሏ ትጣል አላልኩም። ብቻዋን አትተው ነው የምለው። የምጠይቀውም አዲስ ኮርስ ሳይሆን ሦስት ትንንሽ ነገሮችን ነው።

አንደኛ፣ የአይሶቶፕ ሠንጠረዥ ሲሰጠን ከጨረሩ ዓይነትና ከግማሽ ዕድሜው ቀጥሎ «በአካል ውስጥ ወዴት ይሄዳል?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። አዮዲን ወደ ታይሮይድ፣ ስትሮንቲየምና ራዲየም ወደ አጥንት፣ ሲዚየም ወደ ጡንቻ። ፔሪዮዲክ ቴብል ለሚያውቅ ተማሪ ይህን ማስታወስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ፈተና ላይ «የትኛው ጨረር ይበልጥ ያልፋል?» ከሚለው ጎን «ምንጩ ከውጭ ቢሆንስ? ቢዋጥስ?» የሚል ይጠየቅ። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ተማሪዎች ሁለቱን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ይዘን እንውጣ። ምን እንበል? «ይህን ያየ አይንካ፣ አይክፈት፣ ይራቅ፣ ለሚመለከተው ይናገር» በቂ ነው። ከሃያ ተማሪ አንዱ ቤቱ ሄዶ ለአባቱ ቢነግር፣ አባቱም ከብረት ጋር የሚውል ቢሆን፣ ትምህርቱ ደረሰ ማለት ነው።

ጎያኒያ ላይ ያንን ከረጢት ተሸክማ የሄደችው ሴት ስለ አልፋም ስለ ጋማም አልተማረችም፤ የሚያስተውል ዓይን ብቻ ነበራት። እኛ ደግሞ ተምረናል እንላለን። የተማርነው ነገር ቢያንስ እሷ ከደረሰችበት ቀደም ብለን እንድንደርስ ካላደረገን ሥዕሏን በደብተር ማሳመሩ ምን ይጠቅመናል? በሐሳቤ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ እኔም በደስታ አነባለሁ።

ቸር ይግጠመን።